የሲራጅ ቃሬዛና የቅሬው መሐላ

ሲራጅ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ያየ ሰው ከሚሴ ውስጥ የለም። ብርጭቆውን ከብረት መንከሻው፣ ከሞርሳው ጥግ ላይ ያስቀምጥና «አንዲት ብየዳ ብቻ» ብሎ ይሄዳል። ሲመለስ ሻዩ በርዷል፤ የበረደውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ወደሚቀጥለው ብረት ያልፋል። ሱቁ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ከባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ነው። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የጋሪ አካል፣ የውሃ ታንከር መቆሚያ ይሠራል። ሙያውን ኮምቦልቻ ተማረ፣ ሰው ቤት ተቀጥሮ ሠራ፣ በመጨረሻ የራሱን ማሽን ገዛ። ደንበኛ የተሰበረ ነገር ይዞ ሲመጣ «ማን ሰበረው?» አይልም። «ሸክሙ የቱ ጋ ነው የበዛበት?» ነው የሚለው። ብረት ዝም ብሎ አይሰበርም ባይ ነው። ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ቦታ አለ፤ እሱን ካላገኙ በየወሩ መበየድ ነው።

የተወለደው ከጨፋ ሸለቆ በላይ፣ ከአስፋልቱ ወደ ተራራው በእግር በሚወጣበት ቡርቃ ዲማ በሚባል መንደር ነው። ታላቅ እህቱ ዓዲላ የተዳረችውም እዚያው ነው። ቅልብልቦሽ ስትጫወት ተጠርታ፣ ጠጠሮቹን ለጓደኛዋ ሰጥታ ወደ ባሏ ቤት ሄደች። ብዙም ሳትቆይ አረገዘች፤ ሦስት ቀን አማጠች። ያኔ በቡርቃ ዲማ ቃሬዛ ማለት የሬሳ ነው። ነፍስ ያላትን ሴት እላዩ ማስተኛት ሞትን በስሙ መጥራት ነው ይባል ስለነበር የሚሸከማት አልተገኘም። ለወላድ ዱዓ የሚያደርጉት ትልልቅ ሴቶች፣ ዱበርቶቹ፣ ፋጡማን እየጠሩ አብረዋት ሰነበቱ። ልጁ ሞቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሽንቷ አልቆም አለ። ባሏ መለሳት። መንደሩ «ጅኒ ነው» አለ። ከአባቷ ቤት ጀርባ ትንሽ ጎጆ ተቀለሰላት፤ ሲራጅ ምግቧን እያመላለሰ አደገ።

ከሚሴ ሥራ ይዞ ከገባ በኋላ ነው በሽታው ፌስቱላ እንደሚባልና እንደሚታከም የሰማው። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ባህር ዳር ወሰዳት። ዳነች። ልጅ ግን አልወለደችም፤ ያገባትም የለም። ዛሬ ፍየል ታረባለች፣ ሰንበቴ ገበያ አውርዳ ትሸጣለች፤ ምላሷን ከአፋር የመጣው ነጋዴ ሳይቀር ይፈራዋል።

ቃሬዛው የመጣው ከዚህ ነው። ሲራጅ ሁለት የውሃ ቧንቧ ለመሸከሚያ አዘጋጀ፤ በቀጭን ቱቦላሬ ብረት አያያዛቸው፤ ድርብ ሸራ ወጠረበት፤ መሬት ሲያርፍ የሚዘረጋ፣ ሲነሳ የሚታጠፍ እግር አበጀለት። ትከሻ የሚያርፍበትን ቦታ በጎማ ጠቀለለው። ለመንደሩ ቅሬ በነፃ አስረከበ። ቅሬ ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘን ሲገባ የሚያስተዛዝን፣ የታመመ ሲኖር የሚሸከም የመንደር ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ ተቀብሯል።

ሲያስረክብ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። ሴት ልጁን ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የዳረ ከቅሬ ይውጣ፤ ለቅሶ አይደረስ፣ ቃሬዛውም አይነሳለት።

«ከወረዳ የሚመጡት ሰዎች እኮ በየስብሰባው ይነግሩናል» አለ አንዱ።

«ይነግሩናል፣ እናጨበጭባለን፣ እንድራለን» አለ ሲራጅ። «በጭብጨባ አይሆንም። በመሐላ ይሁን።»

የቅሬው ዳኛ ሸህ አብዱልፈታህ ቁርኣን ይዘው ወንዶቹ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተራ በተራ ማሉ። መሐላው ሠራ። ለጋብቻ የመጡ ጠያቂዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ከሰባተኛ ክፍል ሊወጡ የነበሩ ልጆች ስምንተኛ ገቡ። ከማል የሚባለው ጉልበተኛ ገበሬ ከጂዳ የመጣ ባለሀብት ልጁን ቢጠይቀው «ምያለሁ» ብሎ መለሰው፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልወጣለትም። ከወረዳ የመጡ ሰዎች ነገሩን «ምርጥ ተሞክሮ» ብለው ቃሬዛውን ፎቶ አንስተው ሄዱ።

በመሐላው ቀን ከፊት ከቆሙት አንዱ ዓብዱ ነበር። ዝምተኛ የማሽላ ገበሬ ነው። ልጁን ዓፊያን «ባቲ ያለች አክስቷን ልታግዝ» ብሎ ሲልካት ማንም ልብ አላለም። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ግን ወሬ ከገበያ ጋር ይመለሳል፤ ባቲ ደርሰው የመጡ ነጋዴዎች «የዓብዱን ልጅ ኒካህ በልተን መጣን» አሉ። ቅሬው ተጠራ። ዓብዱ አልካደም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ከግቢው ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ቀረ፣ ደቦ ቀረ፤ ሚስቱ ኡሚ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ።

ዓፊያ ባቲ አረገዘች። በዚህ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። የባሏ ወገኖች ወጉን ጠብቀው፣ ወሯ ሲገባ፣ በምሽት ወደ እናቷ መለሷት። ባቲ ቢያቆዩአት የባሏ ቅሬ ነበረላት። ያመጧት ቡርቃ ዲማ ውስጥ ሸካሚ ወደሌለው ብቸኛ ቤት ነው። ዓብዱ ደግሞ ሕግ እንዳይጠይቀው ፈርቶ ጓዳ ደበቃት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር «ባቲ ናት» አላት። ሆዷን የዳሰሰ፣ ደም ግፊቷን የለካ፣ «ይህች ልጅ ሰውነቷ ገና ነው፤ ቤት እንዳትወልድ» ያለ ባለሙያ የለም። ቅሬ የተከለከለ ቤት ስለሆነ ጎረቤትም አይገባም። ምጡ ሲጀምር ኡሚ ብቻዋን ነበረች።

ያን እሑድ ሲራጅ የግቢ በር እየበየደ ነበር። ነሐሴ ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አስፋልቱን ሳይቀር ጭቃ አልብሶታል። ከባጃጅ ዘላ የወረደች ሴት ጄነሬተሩን ራሷ አጠፋችው።

«አንቺ ሴትዮ!» አለና መነጽሩን አነሳ። እህቱ ናት፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። «እታለም? ምነው?»

«ዓፊያ ምጥ ላይ ናት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።»

«የትኛዋ ዓፊያ?»

«የዓብዱ ልጅ ናታ! ባቲ ናት ሲሉን ጓዳ ነበረች። የጩኸቷ ድምፅ እስከ ፍየሎቼ በረት ይሰማል። ገባሁ።»

«ገባሽ?»

«አዎ ገባሁ። እኔ አልማልኩም፤ ሴት አላስማላችሁም። ጭንቅላቱ አይወርድም፣ አይመለስም። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሽንት ከሸናች ውላ አድራለች።» የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ቃሬዛው የታለ?»

«ቃሬዛህማ መስጊድ ጓሮ ተቆልፎበት ተኝቷል። ሸሁ ‘ያስማለን ሲራጅ ይምጣ’ ብለው ላኩኝ። ኮቱ፣ ና፣ ተነስ!»

ሲራጅ ለአምቡላንስ ደወለ። ሹፌሩ እስከ አስፋልቱ መገንጠያ እንደሚመጣ፣ ከዚያ ወዲያ በዚህ ጭቃ ጎማ እንደማይወጣ ነገረው። እህቱን ሞተር ብስክሌቱ ላይ አፈናጥጦ ነዳ። የእጅ ጓንቱን ማውለቁን ረስቶ ነበር።

መንገድ ላይ ዓዲላ አልተወችውም። ከጀርባው፣ በጆሮው ነበር የምትናገረው።

«እኔን ያልተሸከሙኝ ባለማወቅ ነው። አላህ ይቅር ይበላቸው። አንተ ግን አውቀህ ቃሬዛ ሠራህ፣ አውቀህ ቁልፍ አበጀህለት። ጎበዝ! ባለ ሙያ!»

«ልጆች እንዳይዳሩ ነው እኮ፣ እታለም።»

«ተድራለች! አሁን ተድራለች፣ አርግዛለች፣ እየሞተች ነው። አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

ጭቃው እስኪይዘው ድረስ ነድቶ ሞተሩን ከአንድ ቁልቋል አጥር አስደገፈና ሽቅብ በእግር ወጡ። ዓዲላ ወደ ኡሚ ቤት ታጠፈች፤ እሱ ወደ መስጊዱ።

ግቢው ውስጥ ገበያ ያልወረዱት ወንዶች ቆመዋል። የተቀመጠ የለም። አንዱ እንጨት ይሰብራል፣ ሌላው መቁጠሪያውን የአላህን ስም ሳይጠራ ያሽከረክራል። ዓብዱ ከአጥሩ ውጭ፣ የተባረረ ሰው የመግባት መብት ስለሌለው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬት ያያል። ሲራጅ ሲያልፍ ቀና አለና መልሶ አቀረቀረ።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም። መጣህ» አሉ ሸህ አብዱልፈታህ። ቁልፉን በእጃቸው ይዘውታል።

«ይክፈቱት እንጂ፣ ሸሆዬ። አምቡላንስ ታች እየመጣ ነው።»

ከማል ከመሐል ወጣ። «ቆይ። አንተ አይደለህም ያስማልከን? እጄን ቁርኣን ላይ ያስጫንከኝ አንተ ነህ። ለልጄ ከጂዳ ጠያቂ ሲመጣ ሚስቴ አልቅሳ ለመነችኝ፤ ‘ምያለሁ’ ብዬ መለስኩ። ያ ሁሉ ሀብት በመሐላህ ሄደ። ዛሬ ለዓብዱ ሲሆን መሐላው ውሃ ሆነ?»

«ልጅህ የት ናት አሁን?»

«አሥረኛ ክፍል። ምን አገናኘው?»

«ደህና ናት ወይ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እኮ ያተረፍከው እሷን ነው።»

«ስለዚህ ያላተረፈውን ልሸከምለት?» አለ ከማል። ጥቂቶች ሳቁ፤ ወዲያው ዝም አሉ። ከታች፣ ከዓብዱ ቤት በኩል፣ ጩኸት ተሰምቶ ነበር። ጩኸቱ አጭር ነው፤ ጉልበት የለውም።

ከማል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲራጅ፣ እኔ ልቤ ድንጋይ አይደለም። ግን ዛሬ ይህን ቃሬዛ ካነሳን፣ ነገ ሁሉም ሰው ልጁን ድሮ ‘ሲጨንቃቸው ይሸከሙልኛል’ ይላል። ያኔ ምን አለን? ወረዳው ስብሰባ ይጠራል፣ እኛ እናጨበጭባለን። አንተው ነህ ያልከው።»

እውነቱን ነው። ሲራጅ በጎማ የተጠቀለለውን መሸከሚያ በተቆለፈበት ክፍል በር ስንጥቅ አየው። እጁ ላይ ያለውን ጓንት ያን ጊዜ ገና አስተዋለና አውልቆ ኪሱ ከተተ።

«ተሳስቼ ነው የበየድኩት» አለ። «ሸክሙ አባት ላይ እንዲያርፍ ነበር ያሰብኩት። ይኸው፣ ዓብዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ምንም አልሆነም። ሸክሙ ያረፈው ልጅቱ ላይ ነው። እሷ አልማለችም፣ ራሷን አልዳረችም። በጣም ቀጭኑ ብረት ላይ ነው የጫንነው።» ወደ ሸሁ ዞረ። «መሐላ የሚፈርስበት መንገድ የለም ወይ፣ ሸሆዬ?»

«አለ። ጠዋት ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ሰው ምሎ ሲያበቃ ከማለበት የተሻለ ነገር ካየ፣ የተሻለውን ይሥራ፣ ለመሐላው ከፋራ ያውጣ ተብሏል። አሥር ሚስኪን ማብላት ነው፤ ያጣ ሦስት ቀን ይጾማል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ‘ያስማለን ሳይጀምር እኛ ምን በወጣን’ አሉ። ለዚህ ነው እህትህን የላክኋት። መሐላውን የጀመርከው አንተ ነህ፣ ማፍረሱንም ጀምር።»

ሲራጅ ከመቅጽበት እጁን አነሳ። «አፍርሻለሁ። አበላለሁ፤ ለራሴ ደግሞ ከነገ ጀምሮ እጾማለሁ።»

«እሱማ ድሮም ምግብ አይበላም» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «መጾሙን በምን እናውቃለን?»

ሳቅ ሆነ። በሳቁ መሐል ሁለተኛው እጅ ወጣ፣ ሦስተኛው ወጣ። ሸሁ ቁልፉን ከፈቱ። ከማል ብቻ ቀረ። ቆሞ አያቸው። ከዚያ በክርኑ ሰው ገፍቶ ገባና የፊተኛውን የግራ መሸከሚያ ጨበጠ፤ ቁልቁለት ላይ ከሁሉ የከፋው ቦታ እሱ ነው።

«የኔን ሦስት ቀን ዓብዱ ይጹምልኝ» አለ።

ዓፊያን ከጓዳ ሲያወጧት ከሸራው ስፋት ግማሹን አልሞላችም። ሆዷ ብቻ ነው ትልቅ። ኡሚ የነጠላዋን ጫፍ እየጎተተች ትከተላለች፤ ዓዲላ የልጅቱን እጅ ይዛለች። ዓብዱ መጥቶ የኋላውን መሸከሚያ ሊይዝ ሲል ከማል ከፊት ሳይዞር ጮኸ፦

«አንተ ውሃ ያዝ! ወደ ኋላ!»

ዓብዱ ጀሪካኑን አነሳ።

ቁልቁለቱ ያዳልጣል። የፊተኞቹ ክንዳቸውን ሽቅብ ይዘረጋሉ፣ የኋለኞቹ ይጎነበሳሉ፤ ሲደክሙ ሳያቆሙ ይቀያየራሉ። ወንዶቹ ቃሬዛ ተሸክመው የሚያውቁት ወደ መቃብር ነው። ስለዚህ እግራቸው መንገዱን እንደያዘ አፋቸው ልማዱን ያዘ። አንዱ ጀመረ፣ ሁሉም ተቀበሉት፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ። የቀብር ዜማ ነው፤ ከእርምጃው ጋር የሚሄድ።

ዓፊያ ዓይኗን ገለጠች። «ሞቻለሁ እንዴ?» አለች።

ዓዲላ እንደ እባብ ዞረች። «ዝም በሉ እናንተ! ልጅቱን በሕይወቷ ልትቀብሯት ነው? ወይ ሌላ በሉ ወይ አፋችሁን ዝጉ!»

«ምን እንበል?» አለ አንዱ፣ እያለከለከ። ሸካሚ ያለ ዜማ እርምጃው ይበተናል።

«የደቦ በሉ! ማሽላ ስታጭዱ የምትሉትን!»

ለአፍታ አፈሩ። ከማል ጀመረው፤ በኦሮምኛ፣ በወፍራም ድምፁ። ተቀበሉት። እንዲህ እንደ አጫጆች እየጮኹ፣ ጭቃውን እያቋረጡ ወረዱ። አንድ ጊዜ የፊት ቀኙ ሰው አዳልጦት በጉልበቱ ወደቀ፤ ቧንቧው ትከሻው ላይ ቢወድቅም አለቀቀውም። ዓፊያ ምጡ ሲመጣ ትጮኻለች፣ ሲሄድ ዝም ትላለች። ዝም ስትል ሲራጅ ጎንበስ ብሎ ደረቷን ያያል፤ በትንፋሽ ከፍ ሲል ካየ ይሄዳል።

መገንጠያው ላይ አምቡላንሱ ቆሟል። አዋላጇ ሲስተር አመልማል በሩን ከፍታ ስትጠብቅ ነበር። የልጅቱን ሆድ ዳሰሰች፣ ግፊቷን ለካች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ» አለች ዓዲላ።

«ከትናንት ወዲያ! እስካሁን የት ነበራችሁ?»

ወንዶቹ ጭቃቸውን ከእግራቸው ያራግፋሉ።

ሆስፒታል እንደደረሰች በቀዶ ጥገና አዋለዷት። ሕፃኗ፣ ሴት ነበረች፣ አላለቀሰችም። ዓብዱና ሲራጅ ትንሿን ከፈን ይዘው ከሚሴ መቃብር ወሰዷት፤ ለዚህ ቃሬዛ አያስፈልግም ነበር። ዓብዱ አፈሩን በእጁ ሲመልስ ቆይቶ፣ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ሁለት ክረምት ማሽላው መከነብኝ። ጠያቂው ላምም ግመልም ያለው ነው። ‘እኔ ቤት ከምትራብ ሰው ቤት ትብላ’ ብዬ ነው።»

ሲራጅ አካፋ አንስቶ የቀረውን አፈር መልሶ ጨረሰ።

አሁን የቀረው ሌላ ነው። ሲስተር አመልማል ኮሪደሩ ላይ ለእሱና ለዓዲላ አስረዳቻቸው። የሕፃኗ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ፊኛውን ለረጅም ሰዓት ተጭኖታል፤ የተጫነው ሥጋ ደም ሳያገኝ ከቆየ ይሞታል፣ ከሞተ ይቀደዳል። ሽንቱን የሚያወጣ ቱቦ አስገብተውላታል። ቱቦው እያለ ፊኛው ያርፋል፤ ዕድል ካላት ይድናል። ውሃ በብዛት መጠጣት አለባት።

«ካልዳነስ?» አለ ሲራጅ።

«ቱቦው ሲወጣ ነው የምናውቀው። ካልዳነ ፌስቱላ ነው።»

ዓዲላ የቱቦውን ጫፍ፣ አልጋው ሥር የተንጠለጠለውን ከረጢት አየች። «ይቺ ብቻ?» አለች። «ይቺ ቱቦ ብቻ ናት?»

«በጊዜ ከገባች ብዙዎቹን ታድናለች።»

ዓዲላ ወደ ውጭ ወጣች። ሲራጅ አልተከተላትም። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷን ታጥባ ነበር፤ ኡሚን «አንቺ ሂጂ ተኚ፣ እኔ አለሁ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ከልጅቱ አልጋ አልተለየችም። ፍየሎቿን ለጎረቤት ሰጠች።

ሲራጅ ሦስቱን ቀን ጾመ። ጾሞም ሲበይድ ዋለ፤ ሁለት ጊዜ የበር ማጠፊያ ገልብጦ ገጠመና አውልቆ ደገመው፤ እንዲህ ዓይነት ስህተት ከዚያ በፊት አልታየበትም። ሥራ በተሳሳተ ቁጥር ሱቁን ትቶ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ቱቦው ገና ነው ይሉታል፣ ይመለሳል።

ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ቃሬዛው ለማንም ይነሣ፣ ለተባረረ ቤትም ቢሆን፤ ይህን ሁሉም ተቀበለ። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ታዲያ አባትየውን በምን እንያዘው?» አለ ከማል። «የመሐላውን ጥርስ አውልቀን ሕግ ነው ልንለው?»

ሲራጅ ያሰበውን ተናገረ። ከኒካህ በፊት ትልልቅ ሴቶች ልጅቱን ለብቻዋ ይጠይቋት፤ ሸሁም እነሱ ሳይመሰክሩ ኒካህ አይሰሩ። ከቅሬ የወጣም ቢሆን እርጉዝ ያለበት ቤት ሴቶች ይግቡ። ኤክስቴንሽኗ «የለችም» ስትባል ጎረቤት ዝም አይበል።

«ባቲ ወስዶ ቢድራትስ? የባቲ ሸህ ሰምቶን ነው?»

«አይሰማንም» አለ ሲራጅ። «ለሱ መላ የለኝም።»

አንዳንዱ ተስማማ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ። ከወረዳ የመጡት ሰዎች ፎቶውን ይመልሱ ይሆን ብሎ አንዱ ቀለደ። ዓብዱ ከአጥሩ ውጭ ነበር። ለቅሶ ይደረሰው ወይስ አይደረሰው ሳይወሰን የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ተነሡ።

ቱቦው የወጣው በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ላይ ነው። ሲስተር አመልማል አንድ ጠርሙስ ውሃ አልጋው ጎን አስቀምጣ «ጠጪ፣ ሽንት ቤት ሂጂ፣ ተኚ፤ ከሰዓት መጥቼ አያለሁ» ብላ ሄደች። ሲራጅ ከበሩ ውጭ ነበር። የሴቶች ክፍል ስለሆነ አይገባም፤ ኮሪደሩን ከዳር ዳር ይመላለሳል።

ጠርሙሱ አልተነካም።

«ጠጪ እንጂ» አለች ዓዲላ።

«አልጠማኝም።»

«ከንፈርሽ ተሰነጣጥቆ?»

ዓፊያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ከጠጣሁ ይመጣል።»

ዓዲላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስሚኝ። እኔም እንዲሁ ብዬ ዓመታት ውሃ ሸሸሁ። ለሰርግ ልጠራ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ አልጠጣም። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ አልጠጣም። ሳልጠጣም መጣ። ጥሙ ተረፈኝ እንጂ ያዳንኩት ነገር የለም። ከመጣም እኔ አለሁ፤ ባህር ዳር የት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወንድሜ ሞተር አለው። ጠጪ።»

«እቴ ዓዲላ፣ ብፈራስ?»

«እየፈራሽ ጠጪ።»

ጠጣች። ግማሹን፣ ከዚያ ሌላ ግማሽ። በዓዲላ ክንድ ተደግፋ ሽንት ቤት ሄደች፤ እያንዳንዱን እርምጃ ቀሚሷን ጨምድዳ ነው የሄደችው። ተመልሳ ተኛች። እንቅልፍ ወሰዳት።

በር ላይ ሲራጅ ቢያንኳኳ ዓዲላ በእጇ አመልክታ መለሰችው። ሄደ፣ ተመለሰ። ዘበኛው «ወንድሜ፣ ወለሉን ጨረስከው» አለው። ከሱቅ ደወሉለት፤ አላነሳም። ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው አለፈች።

በመጨረሻ ዓዲላ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እጇን ቀስ ብላ ከልጅቱ ሥር፣ አንሶላው ላይ አሾለከች። እዚያው አቆየችው። ከዚያ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። መዳፏን ዘረጋችለት።

«ምንድን ነው?»

«ንካው።»

ነካው። የፍየል ጠባቂ እጅ ነው፣ ሻካራ። ደረቅ ነው።

ደግሞ ነካው።

ከውስጥ የዓፊያ ድምፅ መጣ፣ በእንቅልፍ የጎረነነ፦ «እቴ ዓዲላ! ያ ውሃ የታለ? ጠማኝ።»